ጭስ የሌለው አምፖል

ከአምፖል የሚቀል ነገር ማን አየ? ሲጫኑት ይበራል፣ ሲጫኑት ይጠፋል። እፍ አይሉት፣ አመድ አይጠርጉለት። እናንተም እንደኔ «ኤሌክትሪክ ጭስ የለውም» ስትሉ ኖራችሁ ይሆናል። የኛው ደግሞ ከውሃ ነው የሚመጣው። ውሃ ይጨሳል እንዴ?

ከተማችን ይጁቤ መብራት የገባ ሰሞን በየቤቱ ያለው አንድ አምፖል ነበር። ቀጥሎ ቴሌቪዥን መጣ፣ ቀጥሎ ፍሪጅ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ወፍጮ። ሁላችንም ከአንድ ግድብ የምንጠጣ መሆናችንን ረሳነው። አንድ ዓመት የክረምቱ ዝናብ አንሶ አለፈና ግድቡ ጎደለ ተባለ፤ መብራትም በፈረቃ ሆነ። ውሃው ሲጎድል ነዳጁ ይተካል። በየሱቁ ደጃፍ ጄኔሬተር ይንደቀደቅ ጀመር።

ጎረቤቴ አስናቁም ለጠጅ ቤቷ ገዛች። ከአጥራችን አስጠግታ ተከለችው፤ ጭስ ማውጫው ወደ ቀፎዎቼ። ንቦቼ ለጭስ እንግዳ አይደሉም፤ ማር ስቆርጥ ኩበት አጨስላቸዋለሁ። ይህን ግን አልወደዱትም። ግራዋው አብቦ ማሩ ሊሞላ ሲል፣ ከቀፎው አፍ ላይ ተንጠልጥለው ያጉረመርሙ ጀመር። ንብ እንዲህ ካደረገ ለመኮብለል ማሰቡ ነው። የዓመት ልፋቴ ክንፍ አውጥቶ ሊሄድ!

እኔ ነገር አልወድም። አጥሩ ሥር ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ወደ ግቢዋ ገባሁ።

«እታለም፣ ሞተርሽ ንቤን ሊያስኮበልልብኝ ነው። ንቡ ከሄደ ጠጁን ከምን ልትጥዪው ነው?»

«መብራት ከሌለስ ማን ገብቶ ይጠጣልኛል፣ አያ ፈንቴ?»

«ለፈረቃው ታገሺዋ! እኛ ቤት እንኳ ፈረቃ የሚባል የለም። መስመራችን ደህና መስመር ነው፤ ጠፍቶብን አያውቅም።»

ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ አያ ፈንቴ! ደህናው መስመር እኮ እኔ ነኝ!»

ጣቷን ተከትዬ ቀና አልኩ። አንድ ሽቦ ከጄኔሬተሩ ተነሥቶ፣ በቀፎዎቼ አናት አልፎ፣ ጣራዬ ሥር ይገባል። በር መቀርቀሩን ሳልመረምር የማልተኛው ሰውዬ፣ አንድም ቀን ወደ ላይ አላየሁም።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ከአጥሩ ማዶ ሰምታን ኖሯል። «ታዲያ ምን ላድርግ? እርስዎ ሲጨልም ‹በሩ ተዘግቷል? ማነው የሚያንኳኳው?› እያሉ አላስተኛ አሉኝ። ለምኜ አስቀጠልኩ።»

«ሞተሩን ወደ መንገዱ ላዞረው እችላለሁ» አለች አስናቁ። «ግን ሽቦው እናንተ ቤት አይደርስም። እንዴት ይሁን?»

ከአጥሩ ማዶ አምፖሌን አየሁ። ንቦቼን አየሁ። «አዙሪው» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ንቦቼ አልኮበለሉም። አሁን የሚያጉረመርመው መንገደኛው ነው። እኛም ኩራዝ አወጣን። ጥሩነሽ ጥቀርሻውን ከአፍንጫዋ እየጠረገች፣

«ንቡስ ተረፈ፤ እኛስ ወዴት እንኮብልል?» አለችኝ።

ግድቡን የሚሞላ ደመና ካለ ልይ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ በሩንም አያይዤ አየሁት።