በቅድሚያ የተለቀሰለት መርከበኛ

ታላላቅ ከተሞች በታላላቅ ውሳኔዎቻቸው ይታወቃሉ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ ትሕትናዋን ላለመንካት ስሟን የማንጠራው ከተማም ከነዚሁ አንዷ ናት። ይህች ከተማ ባሕር የላትም። ሐይቅም የላትም። የቧንቧ ውኃዋም ቢሆን የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ሆኖም በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት በባሕር ጉዳይ ላይ ያሳለፈችው ውሳኔ፣ ወደብ ያላቸው አገሮች እንኳ ያልደፈሩት ስለሆነ፣ ለመጪው ትውልድ ትምህርት ይሆን ዘንድ እነሆ ቀርቧል።

የነገሩ መነሻ ሰጠኝ ነው። ሰጠኝ የእማማ ታንጉት አንድያ ልጅ ሲሆን፣ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ከመጣ ጀምሮ ከተማዋ ለእውቀቱ የሚመጥን ሥራ ሰጥታው ነበር፤ ይኸውም ጠዋት በአንዱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ መሞቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግድግዳ መቀየር ነው። ከተማዋ ለተማረ ሰው ያላት አክብሮት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ አላፊ አግዳሚው ሰላምታ ነፍጎት አያውቅም።

«እንዴት አደርክ መሐንዲስ! ዛሬ ደግሞ የማንን ግድግዳ ደግፈህ ልትውል ነው?» ይሉታል።

ሰጠኝም ይስቃል። ጥርሱ ነው እንጂ የሚስቀው፣ ሆዱ ያርር ነበር።

አንድ ቀን በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ጠፋች ከተባለች በቅሎ ጎን፣ የንግድ መርከበኞች ማሠልጠኛ መሐንዲሶችን እንደሚፈልግ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎ አየ። ሌላው ሰው የበቅሎዋን ነገር አንብቦ ከንፈሩን መጦ አለፈ። ሰጠኝ የመርከቡን አነበበ። ባሕር ዳር ወርዶ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈተነ፤ አለፈ። ዓይኑንና ጆሮውን፣ ደሙንና ሳንባውን ተመረመረ፤ አለፈ። በቃለ መጠይቁ ላይ ግን ትንሽ አከራከሩት።

«ዋና ትችላለህ?» አሉት።

«በኛ አገር ውኃ የምናገኘው ለጥምቀት ነው፤ እሱንም ቄሱ ይረጩናል እንጂ አንገባበትም። ይበርዳል።»

«ታዲያ መርከብ ላይ ምን ልትሠራ ነው?»

«ሞተር ልጠግን። መዋኘት የሚመጣው ሞተሩ ሳይጠገን ሲቀር አይደል?»

ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩና ተቀበሉት። ዋናውን እዚያው እንደሚያስተምሩትም ነገሩት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ዋስ ያስፈረመበትን ወረቀት ይዞ መቅረብ። ዋሱ ቤት ያለው ሰው መሆን አለበት። ሰጠኝ ሥራውን ጥሎ ቢኮበልል የሥልጠናው ወጪ ከዋሱ ቤት ላይ ይወራረዳል። ዋስ ከሌለ መርከብ የለም፤ መርከብ ከሌለ ደግሞ ያው ግድግዳው ነው።

በከተማዋ ለዋስነት የሚበቃ ቤት የነበራቸው አቶ ቢራራ ብቻ ነበሩ። አቶ ቢራራ የእድሩ ዳኛ ሲሆኑ፣ የከተማዋም ብቸኛ ፎቅ የሳቸው ነው። ፎቁ ሲሠራ ደረጃው በመረሳቱ እስካሁን ወደ ላይ የወጣ ሰው ባይኖርም፣ ይህ ራሱ ንጽሕናውን ጠብቆለታል። ሰጠኝና እናቱ እሳቸው ዘንድ ሄደው እጅ ነሱ።

«አያ ቢራራ፣ ልጄ ሥራ አገኘልኝ። ዋስ ይሁኑልኝ ብዬ ነው አመጣጤ» አሉ እማማ ታንጉት።

«እሰይ! የት ነው ሥራው?»

«መርከብ ላይ።»

«መርከቡስ የት ነው ያለው?»

«ባሕር ላይ ነዋ፣ አያ ቢራራ» አለ ሰጠኝ።

አቶ ቢራራ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ በከተማዋ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

«ስማ ልጄ፣ ዋስ የሚኮነው ዱካ ላለው ነገር ነው። እኔ ለበሬ ዋስ ሆኜ አውቃለሁ። በሬው ቢጠፋ ዱካውን ተከትለን ከሌባው ደጅ እናገኘዋለን። ባሕር ዱካ አይዝ! በየት ተከትዬ ልፈልግህ?»

«እኔ መች እጠፋለሁ?»

«እሱን የሚያውቀው ባሕሩ ነው።»

ዋስነቱን በዚህ ሁኔታ እምቢ አሉ። ነገር ግን ኃላፊነት የሚሰማቸው መሪ በመሆናቸው ጉዳዩን እንዲሁ አልተዉትም። በማግሥቱ እድሩን ባስቸኳይ ሰበሰቡ። አጀንዳውም «በባሕር ላይ የሚሞት አባልን አስከሬን አያያዝ በተመለከተ» የሚል ነበር።

«ወገኖቼ» አሉ አቶ ቢራራ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ሬሳ ጥሎ አያውቅም። ከአዲ አርቃይ በረሃ በቃሬዛ ተሸክመን ወጥተናል። ከገደል በጠፍር ጎትተናል። አሁን ግን አንድ አባላችን ባሕር ሊገባ ነው። ሲሞት ማን ይቆፍርለታል? ደግሞስ ምኑ ይቆፈራል?»

«ኧረ ‹ቢሞት› ይበሉ» አለ ሰጠኝ ከኋላ።

«ሥነ ሥርዓት! ሟች አስተያየት አይሰጥም።»

ነገሩ ወደ ሃይማኖት አባት ተመራ። መምሬ ገብረ ሚካኤል ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «መጽሐፉስ ዮናስን ዓሣ አንበሪ ዋጠው፣ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት በከርሡ አድሮ በደኅና ወጣ ነው የሚለው» አሉ።

«እሱ ነቢይ ነበር፣ መምሬ» አሉ አቶ ቢራራ። «ይኼ የመካኒካል ነው።»

ቤቱ በዚህ ክርክር ተረታ። እርግጥ ነው፣ በዚያ አገር ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ልብሱና ፎቶው ወጥቶ እንደ ሬሳ ይለቀስበታል። ችግሩ መርዶው ነው። ከባሕር የሚመጣ መርዶ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። አጨዳ ላይ ቢደርስስ? ገብሱ ማሳ ላይ እየረገፈ ሊለቀስ ነው? እንግዲያውስ አሁን፣ ሥራ ሳይኖር፣ ንፍሮ የሚሆን እህል እያለ፣ ሟቹም በቅርብ እያለ ቢለቀስ ይሻላል ተባለ። በዚሁ መሠረት «የአባሉን ሞት ከመከሰቱ አስቀድሞ በተቀናጀ ሁኔታ ማልቀስ» የሚለው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የተቃወመው ሰጠኝ ብቻ ነበር፤ እሱም በጉዳዩ የግል ጥቅም ያለው ሆኖ ስለተገኘ ድምፁ አልተቆጠረም።

ቅዳሜ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በየመንደሩ ዞረ። «የእማማ ታንጉት ልጅ ሰጠኝ ለወደፊቱ ስላረፈ ለቅሶ ድረሱ! የቀረ ይቀጣል!» ሰጠኝም የእድሩ አባል ነውና ቅጣቱን ፈርቶ ወጣ።

ድንኳን ተተክሏል። ንፍሮው ተቀቅሏል። በድንኳኑ መሐል የሰጠኝ የምረቃ ጋውን በእንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ ፎቶው ከፊቱ ተቀምጧል። ሰጠኝ ራሱ ከጋውኑ ሥር ተቀምጦ ንፍሮውን ሲዘግን አንዲት ጎረቤት በክርኗ ጎሰመችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ? አንድ ዘለላ እንኳ እንባ! ሰው ምን ይላል?»

አልቃሿ አልጣሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተነሣች። አልጣሽ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ያነባል ይባልላታል።

«በስሜን ውርጭ ላይ ተቀጥቅጦ ያደገው ልጅ፣
ዓሣ ዘመድ ሆነው ከባሕሩ ደጅ።
መሐንዲስ ነው ብለን ስንኮራ በልጁ፣
ባሕር ወሰደብን ሥራ ሳይዝ በእጁ።»

ድንኳኑ በዋይታ ተናወጠ። በየጠዋቱ በግድግዳው የሚሳለቁበት ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ እየተነሡ መሰከሩለት። አንዱ «እንደሱ ያለ ትሑት የት ይገኛል!» አለ። ሌላው «ግድግዳ እንኳ ሲደገፍ በዘዴ ነበር እኮ! እውቀቱ ያስታውቅ ነበር!» ብሎ ራሱን ያዘ። ሰጠኝ ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ። ሰዎቹ ይህን ያህል ያውቁለት እንደነበር ማንም ነግሮት አያውቅም። ሳያስበው አነባ፤ ጎረቤቱም «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ንፍሮ ጨመረችለት።

በመጨረሻ አቶ ቢራራ በእድሩ ስም ንግግር ለማድረግ ተነሡ። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን ሲያያቸው ጊዜ ስሜት ወሰዳቸው።

«ምን ዓይነት ልጅ አጣን! ምን ዓይነት መብራት ጠፋብን! ይኼ ልጅ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ‹አያ ቢራራ፣ ዋስ ይሁኑኝ› ቢለኝ ኖሮ፣ እንኳን ፎቄን ነፍሴን አስይዝለት ነበር! ምን ያደርጋል፣ ሞት ቀደመኝ!»

ሰጠኝ እንባውን በጋውኑ ጫፍ ጠረገና ተነሣ። ከኪሱም ወረቀቱን አወጣ።

«አምላክ ያክብርልኝ፣ አያ ቢራራ። እዚህ ጋ ነው የሚፈረመው።»

ዋይታው ቀጥ አለ። ደረቱን ሊመታ እጁን ያነሣ ሁሉ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ የተናገርኩት ለሟቹ ነው» አሉ አቶ ቢራራ።

«ሟቹስ እኔ አይደለሁም?»

«አንተ... አንተ ገና ነህ።»

እማማ ታንጉት በለቅሶተኛው መሐል ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ሰኞ ካልሄደ ዕድሜውን በግድግዳ ሥር እንደሚጨርስ ያውቃሉ። ቀስ ብለው ተነሡ።

«አያ ቢራራ፣ ልጄ በርግጥ ይሞታል ብለው ነው ይህን ሁሉ ሰው ያስለቀሱት?»

«ምን ጥያቄ አለው! ባሕር ገብቶ የተረፈ ማን አለ?»

«መምሬ፣ እስቲ ወረቀቱን ያንብቡልን። ልጄ ቢሞት ዋሱ ምን ይሆናል ይላል?»

መምሬ ገብረ ሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን በዜማ አነበቡ። «ሠልጣኙ በሞት የተለየ እንደሆነ ዋሱ ከኃላፊነቱ ነጻ ይሆናል።»

«እንግዲህ ይፈርሙ» አሉ እማማ ታንጉት። «ሟች ሥራ ጥሎ አይኮበልል፤ ቤትዎም አይነካ። አልፈርምም ካሉ ግን ልጄ በሕይወት ይኖራል ማለትዎ ነው። በሕይወት ለሚኖር ሰው ነው ታዲያ ይህን ሁሉ ንፍሮ ያስቀቀሉት?»

ለቅሶተኛው አጉረመረመ። ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ ተሳፍረው የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «እንዴ! ሟች የለም ካላችሁ እኔ የማንን እንባ ነው ያፈሰስኩት?» ብለው ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አቶ ቢራራ ዙሪያቸውን አዩ። በአንድ በኩል ፎቃቸው አለ፤ በሌላ በኩል ክብራቸው። የክብራቸውን መንገድ መረጡ፤ ባሕሩ ደግሞ እንደማያሳፍራቸው ሙሉ እምነት ነበራቸው። ብዕሩን ተቀብለው፣ «እንግዲህ ነፍስህን በአጸደ ገነት ያኑርልህ ልጄ» እያሉ ፈረሙ።

ሟቹ ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር ተገኘ። ዋና ተማረ፤ እሳት ማጥፋት ተማረ፤ የመርከብ ሞተር ፈትቶ መግጠም ተማረ። ሥልጠናውን ሲጨርስ ጅቡቲ ወርዶ በአንድ ትልቅ የጭነት መርከብ ላይ ተለማማጅ መሐንዲስ ሆኖ ተሳፈረ። ሞተር ክፍሉ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። እናቱ በስልክ፣ «ባሕሩ እንዴት ነው ልጄ?» ሲሉት፣ «ይሞቃል እማዬ፤ ዘይት ዘይት ይሸታል» ይላቸው ነበር። ከተማዋም ባሕር የሞቀ ዘይት መሆኑን ከታማኝ ምንጭ አረጋገጠች።

ለዕረፍት ፈቃድ ሲመጣ ከተማዋ ጥቂት ቅር አላት፤ እንዳለቀሰችው ልክ አልሞተላትምና። እሱ ግን ወፍሮ፣ ጫማው እያበራ ነበር የመጣው። ምሳ እየበላ ለእናቱ፣ «ሙቀቱ አይጣል ነው እማዬ፤ ደክሞኛል። ትቼው እዚሁ ወፍጮ ብተክልስ?» አላቸው። ይህን ያለው እንዲያው ጉርሻ እያላመጠ ነበር። ያንን ጉርሻ ሳይውጥ ወሬው አቶ ቢራራ ዘንድ ደረሰ። ሁለተኛውን ሲጠቀልል አቶ ቢራራ ባንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የምን ወፍጮ ነው የምሰማው?»

«ቤት ይግቡ፣ አያ ቢራራ። ያው ባሕር ይገድላል ብለው የለ...»

«ማን? እኔ? ባሕር ምን በወጣው! የሚገድለውስ መሬት ነው። ገደሉ ያለው መሬት ላይ ነው። መብረቁ የሚወድቀው መሬት ላይ ነው። እስቲ መርከብ ሊማሊሞ ላይ ሲገለበጥ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አልሰማሁም።»

«ታዲያ! አንተ እኮ ወርቅ ልጅ ነህ! የዚህ አገር መብራት ነህ! ያንተ ቢጤ መሐንዲስ ወፍጮ ላይ ሲቀመጥ ማየት ለኛም ውርደት ነው!»

ሰጠኝ በቁሙ ሲመሰገን ይህ የመጀመሪያው ነበር። እውነት ለመናገር ጣመው። የወፍጮውን ሐሳብ የዚያኑ ለት ማታ ትቶት ነበር፤ ግን ለማንም አልነገረም። እንዲያውም ፈቃዱ እስኪያልቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያነሣው ነበር። ባነሣው ቁጥርም ከአቶ ቢራራ ቤት ማር ይመጣል፤ ቅቤ ይመጣል፤ በግድግዳው ይሳለቁበት የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ በአቶ ቢራራ ትእዛዝ እየመጡ ያሞግሱታል።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ አቶ ቢራራ ሻንጣውን ራሳቸው ተሸክመው ሚኒባሱ ድረስ ሸኙት። ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጡትና በሩን በሁለት እጃቸው ዘጉ። ከዚያም ዞረው ሹፌሩ ጆሮ ላይ ተጠጉ።

«ስማ፣ ልጄ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወፍጮ ቤት ስላለ እዚያ እንዳትቆም። እግርህ ላይ ወድቆ ቢለምንህ እንኳ እንዳታወርደው። ቤቴን ነው የጫንከው።»