ሴትየዋስ?

ወይዘሮ ታንግዌን ጠዋት ጠዋት የመንደራችን ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መደርደሪያው ላይ የቆመውን የእንጨት ፈረሰኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። "ስንት መቶ ዓመት ታየ፤ ዛሬ እንኳ ይረፍ" ይላሉ። ማታ ስዘጋ እኔ እመልሰዋለሁ።

በዌልስ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መንደር የለም። ተራኪው ገና ጉሮሮውን ሲጠራርግ "ሴትየዋስ?" የሚል።

ወይዘሮ ታንግዌን መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ በመደርደሪያዎቹ መሃል እየተንጎራደዱ ይሟገታሉ። በአገራችን ተረት ፈረሰኛው ከሐይቅ ውስጥ ሰይፍ ተቀበለ ሲባል "ከማን እጅ?" ይላሉ። ምንጭ ዳር ቆንጆ አገኘ ሲባል ደግሞ ይብሳሉ። "ምንጩ የራሷ ነው! የጥንት አባቶቻችን ኬልቶች ይሰግዱላት ነበር። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ናቸው ውሃ ቀጂ ያደረጓት።"

አንድ ቀን ሥጋ ሻጩ ሆፕኪን ሱቁ ውስጥ ቋሊማ እየመዘነላቸው "እትዬ፣ ፈረሰኛው እኮ ዘንዶ ገድሏል" ብሎ ነካካቸው።

"ዘንዶው ምን አደረገው? ደግሞስ የዚያን ቀን ቁርሱን ማን አበላው?"

ክርክሩ ሳያልቅ ወረፋው እስከ መንገዱ ደረሰ። ቄሱ ስለ አዳም ብቻ ሲሰብኩ እንኳ ወይዘሮዋ ላይ ሳል ይነሳባቸዋል።

በዓመታዊው የግጥም ውድድራችን ገጣሚዎች ስማቸውን ደብቀው በብዕር ስም ይልካሉ። ያሸነፈው የብዕር ስም ተጠርቶ መለከት ሲነፋ ባለቤቱ ከሕዝቡ መሃል ይነሳል። ሦስተኛው መለከት እስኪያበቃ ካልተነሳ፣ ለሽልማት የተቀረጸው ወንበር ባዶውን ይቀራል። ወንበሩን ዓመት በዓመት የሚወስደው የፈረሰኛ ግጥም ነበር።

ዘንድሮ ግን ባሸነፈው ግጥም ተናጋሪዋ፣ ሰይፉን ከውሃው ውስጥ ያቀበለችው የሐይቋ ሴት ራሷ ሆነች፦

"ሰይፉን ሁሉም አየ፤
የያዘውን እጅ ማን አየ?"

መለከቱ ተነፋ። ማንም አልተነሳም። ሁለተኛው ተነፋ፤ አዳራሹ ይቁነጠነጥ ጀመር።

"ሐይቅ ውስጥ ሆና እንዴት ትስማ!" አለ ሆፕኪን።

ዳኞቹ ተያዩ። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ፤ ይህች ሴት ስንት ዘመን ዝም ተብላ ኖራ፣ ዛሬም ወንበሯ ባዶውን ሊቀር ነው። ሦስተኛው ሊያበቃ ሲል ወይዘሮ ታንግዌን ከባላቸው ከአቶ ሜይሪግ አጠገብ ብድግ አሉ፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። አጨብጭቤ አጨብጭቤ መዳፌ አበጠ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ግን መንጎራደዳቸውን አቆሙ።

"የፈለግሽውን ጻፊ፤ ሳሉንም፣ ቋሊማውንም። አንዷን ብቻ ተዪልኝ፣ ልጄ። ሁለት መለከት ሙሉ 'ሜይሪግ፣ ንቃ እንጂ፤ አንተ ሳታየኝ አልነሳም' እያልኩ የሚያንኮራፋውን ባሌን ስጎሽም መቆየቴን።"