የጋሽ ተሰማ የአየር ቀዳዳ

ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የቤቱ ባለቤት ራሱ ይሞክረዋል፤ ቀጥሎ ጎረቤት በፌስታልና በገመድ ያስረዋል፤ ከዚያ «እጁ ቀና ነው» የተባለ የአክስት ልጅ መጥቶ የብሎኑን ጥርስ በልቶት ይሄዳል። እኔ ስደርስ የሚጠብቀኝ ብልሽቱ ብቻ ሳይሆን የሦስት ሰው ጥገና ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ስንበረከክ ጉልበቴ አለቀ፤ ትዕግሥቴም ሊያልቅ ምንም አልቀረው። እናንተም ብትሆኑ ይደክማችኋል።

መንዝን የማታውቁ ካላችሁ፣ እኛ ዘንድ ብርድ እንግዳ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። ድሮ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በጓሳ ሣር ክዳን እንመክተው ነበር፤ ሣሩ ጭሱን ቀስ እያለ ያስወጣዋል። አሁን ብሎኬት መጣ፣ ቆርቆሮ መጣ፣ ግጥም የሚል የብረት መስኮት መጣ። ዘመናዊ ቤት ማለት ነፋስ የማይገባበት ማለት ሆነ።

በልጅነቴ ሳይንስ ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ጡረታ ሲወጡ እንዲህ ያለ ቤት ሠሩ። ገብተው ወር ሳይሞላቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ታመሙ። ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅታቸዋል። ጠበል ሲወሰዱ ሱባዔው ሳያልቅ ይሻላቸዋል፤ ቤት ሲመለሱ ያገረሽባቸዋል። ሰፈሩም ፈረደ፦ ቦታው ጥሩ አይደለም። ጋሽ ተሰማ ቤቱን ሊሸጡ ነው ተባለ።

እኔ የተጠራሁት ለዚህ አልነበረም፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አልዘጋ ብሎ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እትዬ ዘነበች ከተኙበት ጥቂት ርምጃ ላይ ተንበርክኬ ጎሚኒውን፣ ውኃ የሚዘጋውን ጎማ፣ እቀይራለሁ። አልጋው ግርጌ ከሰል በምድጃ ፍም ሆኗል። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ሙቀቱ ደስ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን ያስረዘምኩት ለሱ ብዬ ነው። ብዙም ሳልቆይ ራሴን ይወቅረኝ፣ ሆዴን ይገለብጠኝ ጀመር። ግድግዳ ይዤ ተነሳሁና ቀና ብዬ ጣሪያው ሥር አየሁ። ለአየር የተተዉት ሁለት ቀዳዳዎች በአሮጌ ጨርቅ ጥቅጥቅ ተደርገው ተወትፈዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ወተፈው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኮራ ብለው። «እሷ ቁርጥማት አለባት። የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ደርቤላትም አልሞቃት ሲል ከሰሉንም የማቀርብላት እኔው ነኝ።»

«ጨርቁ ይውጣ ብዬው ነበር» አሉ እትዬ ዘነበች ከአልጋው ላይ በደከመ ድምፅ። «አፈነኝ ብዬው ነበር።»

ምድጃውን አፈፍ አድርጌ ደጅ አወጣሁ፤ መስኮቱን በረገድኩት። «ጋሼ፣ ያኔ ክፍል ውስጥ የበራ ሻማ በብርጭቆ ከድነው ሲያሳዩን...» አልጨረስኩትም። አስተማሪ ናቸው፤ ገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

እትዬ ዘነበችን ደግፈን ፀሐይ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ባጃጅም አስጠራሁ። እስኪመጣ ጋሽ ተሰማን ብፈልጋቸው የሉም። ለካ ተመልሰው ገብተው ወንበር ላይ ቆመዋል፤ ጨርቁን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ ያወጣሉ። 

«አንድ ቀን ጠዋት ስቀሰቅሳት ባትነሳ ኖሮስ?» አሉኝ።

ወንበሩን ያዝኩላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በደጃቸው ሳልፍ እትዬ ዘነበች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ፤ ፊታቸው ወዝ አውጥቷል። ጋሽ ተሰማ አጠገባቸው ናቸው። አንዲት ጎረቤት ቆማ፣ «መቼም ያ ጠበል ተአምረኛ ነው! አይደለም እንዴ ጋሼ?» ትላለች።

ጋሽ ተሰማ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳት አየር እንደሚበላ ለስንቱ ልጅ ያስተማሩ ሰው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። በስንት ጣር፣ «እኔ እኮ...» ብለው ሲጀምሩ እትዬ ዘነበች እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ቀደሟቸው።

«አዎ፣ ጠበሉ ነው» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ባላቸው ጠቁመው። «እየተሸከመ የወሰደኝም እሱ ነው።»

ጎረቤቲቱ ወደ እኔ ዞረች። ምን እላለሁ?

«ተመስገን ነው» ብዬ አለፍኩ።