አማቼ በአህጉሩ ላይ የፈረዱበት ዓመት

በየቤተሰቡ አንድ የሙዚቃ ዳኛ አለ። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። ሠርግ ቤት ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጦ ራሱን የሚነቀንቀው እሱ ነው። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት "ይሄ እኮ ከሌላ የተሰረቀ ነው" የሚለውም እሱ ነው። እጁ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። እናንተም ቤት አለ፤ ከሌለ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

የእኛ ቤት ዳኛ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼና አንተ የምለው ሰው ነው፤ እዚህ ግን ለማዕረጋቸው ስል አንቱ እላቸዋለሁ። እንጀራቸው አናጺነት ነው፤ እንጨት መላጊያ ማሽን ላይ ቆመው ነው ያረጁት። የዳኝነት ሥልጣናቸው ግን በአንድ አገር አይወሰንም። "አንድ አገር ብቻውን ምን ያሳያል? አህጉሩን በሙሉ ነው ማየት" ይላሉ። የምዕራቡ ጊታር፣ የመሃሉ ጭፈራ፣ የደቡቡ ኅብረ ድምፅ፣ የሰሜኑ ቫዮሊን፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ክቡርነታቸው ፊት ይቀርባል። ዓመቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ እሳቸው ዘፈን እየከፈቱ፣ መሃል ላይ እያቆሙ ፍርድ ይሰጣሉ። የወደዱትን "ይሄ ሥራ ነው" ይላሉ። ያልወደዱትን "ይሄ ጩኸት ነው"። ይግባኝ የለም። እዚያ ሳሎን ውስጥ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ገና ከጅምሩ ክፉ ዓመት ሆነ። መጀመሪያ የጠፋው ሲምባል ነው፤ ድራሙ ላይ ጽስ የምትለዋ የነሐስ ሳህን። "ምዕራቡ ሲምባል መምታት ትቷል" አሉን አንድ እሑድ፣ መርዶ እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ብዙ ሳይቆይ ደቡቡም ተወው። ከዚያ ዜማውን የሚመራው ሊድ ጊታር ደከመ። ቀጥሎ ደግሞ ዘፋኞቹ ቃል መዋጥ ጀመሩ። ክቡርነታቸው ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱንም አያውቁም፤ ቃሉ መዋጡን ግን አሳምረው ያውቃሉ።

"ጋሼ፣ ሁሉም ባንድ ዓመት ተማክረው ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"ስንፍና ድንበር አያውቅም" አሉኝ።

ወቀሳው ከሙዚቃም አልፎ ሄደ። የበሩ ደወል ተበላሽቷል ብለው አስቀየሩት፤ አዲሱም ተበላሸ። የማንቂያ ሰዓቱ ለገመ። ስልካቸው አጠገባቸው ሲጮህ ቆይቶ ዝም ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ረሳኝ ብለው ያኮርፋሉ። "ዕቃውም ሰውም እንደ ሙዚቃው ዘቀጠ" አሉ። እኔም ይህ ነገር ለምጽፍበት ጋዜጣ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል ብዬ እየሳቅኩ ከረምኩ።

ቀድሞ የገባት ለእህቴ ነው። ዕቃ እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "አህጉሩ ምንም አልሆነም። የሱ ጆሮ ነው" አለችኝ።

"ነግረሽዋል?"

"ምን ብዬ? ከዚህ ሌላ ምን ደስታ አለው? አንተ ሐኪም ጋ ውሰደው። እኔ ካልኩት ያኮርፈኛል። አንተን ይሰድብህና ይሄዳል።"

እንዳለችው ሰደቡኝና ሄዱ። ምርመራው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ተደረገላቸው፤ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸው ላይ ያለውን ቁልፍ እንዲጫኑ ተነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ልክ ሳሎን ለፍርድ እንደሚቀመጡት ተቀመጡ። ከውጭ ባለው ማሽን ላይ ድምፅ በተላከ ቁጥር አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች። መብራቷ በራች፣ ጠፋች፣ ደግማ በራች። ጣታቸው አልተነቃነቀም። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ "ተጫን፣ ተጫን እንጂ" እያልኩ በሆዴ ለመንኩ።

"የእንጨት መላጊያው ማሽን ነው የጎዳዎት" አለች ሐኪሟ ጮክ ብላ። "ጆሮ መሸፈኛ ለምን አላደረጉም?"

"የማሽኑን ድምፅ ካልሰማሁ ቢላው መደነዙን በምን አውቃለሁ?"

የሄደው እንደማይመለስ፣ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ እንደሆነ፣ ማሽኑን ካልተዉ ሌላውም እንደሚከተል ነገረችን። ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ለወሬ ይረዳል። ስለ ሙዚቃ ስጠይቃት "እንደ ድሮው አይሆንም" አለች።

መንገድ ላይ ድንገት ቆሙ። "ሲምባሉ ነበረ ማለት ነው?"

"ነበረ፣ ጋሼ።"

"የደቡቡም?"

"የሁሉም።"

"እና ዓመቱን ሙሉ የሰው ስም ሳጠፋ ነው የከረምኩት" አለና ግንብ ተደግፎ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸውም አንቱም ማለት አልሆንልህ አለኝ። አንጀቴን በላው።

ዓመቱ ሲያልቅ ዘንድሮስ ፍርዱን ይተወዋል ብለን ነበር። ሁላችንንም ጠራን። "የፈረድኩት በሙሉ ተሽሯል" አለ ቆሞ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ጆሮ አለህ። ሳትሸነግለኝ ንገረኝ፤ ዓመቱ እንዴት ነበር?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ጠርጥሬ ያን ሰሞን አንድ በአንድ ሳዳምጥ ነበር የከረምኩት። ታክሲ ውስጥ የምዕራቡን ጊታር ስሰማ መውረጃዬ አልፎኛል። ምንም አላመለጠህም ልለው ግን ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ፊቱን ሳየው አልቻልኩም።

"ጥሩ ዓመት ነበር" አልኩት። "በጣም ጥሩ።"

አንገቱን ደፋ። እህቴ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እኔም ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

"ተመስገን" አለ ቀና ብሎ። "ሙዚቃው የሞተ መስሎኝ ነበር እኮ።"

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና አንድ ዘፈን ከፈተ። ወፍራሙ ከበሮ አሁንም ይሰማዋል። አጠገቡ አስቀመጠኝና እጄን ይዞ ጉልበቱ ላይ አደረገው። "ሲምባሉ ሲመጣ መታ አድርገኝ" አለኝ። ጠበቅኩ፤ ስሰማው መታሁት።

"ዘገየህ" አለኝ፤ ዘፈኑንም ከመጀመሪያው አስጀመረው።