የበላይነሽ የወይን እርሻ

ቤይሩት ውስጥ እሑድ እሑድ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዲት አትጠፋም፤ የአሠሪዎቿን ሀብት የራሷ አድርጋ የምታወራ። ማዳሟ መኪና ስትገዛ «ገዛን» ትላለች፤ የማዳሟ ልጅ ፓሪስ ሲገባ «ላክነው» ትላለች። የምትተኛው ግን ከማድቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው።

በዚህ ነገር የክብርት ወይዘሮ በላይነሽን ያህል የገፋበት አልነበረም። የምትሠራው ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር፣ ሙሴ ነጂብ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው። ሰውየው ከቤይሩት በላይ ካለው ተራራ ማዶ፣ በቃዕ ሜዳ ላይ፣ ከትልቅ ረግረግ ዳር፣ ከአያታቸው የወረሱት የወይን እርሻ ነበራቸው። የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ እንደገና አቅንተውት ስመ ጥር ወይን ጠጅ ይጠምቁበታል። በላይነሽ የለቀማ ጊዜ ሲደርስ አብራ ትወጣና ለለቃሚዎቹ ምግብ ታበስላለች። ስትመለስ ባለርስት ሆና ነው።

ፋሲካ አትወዳትም ነበር። ፋሲካ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ፣ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ቤት በሰዓት እያጸዳች የምትኖር ናት። እሑድ እዚያች ክፍል ሲሰበሰቡ፣ አንዷ ማዳሟ ፓስፖርቷን እንደቆለፈችባት ነግራ ስታለቅስ፣ በላይነሽ «እኛንም ዘንድሮ ውርጭ ጎዳን» ብላ ትተክዛለች። ክርስትና ተጠርታ ከሱቅ የመጣውን ወይን ጠጅ አሽትታ፣ ከንፈሯን ሳታስነካ ታስቀምጠዋለች። «ያኒ፣ እኛ ዘንድ ይኼ እንደ ኮምጣጤ ለሰላጣ ነው።»

የረግረጉም ወሬ እንደዚያው ነው። የቤቱ ልጆች አድርቀን ወይን እንትከልበት ሲሉ ሙሴ ነጂብ በየዓመቱ የሚመጡት ሽመላዎች የት ያርፋሉ ብለው እምቢ እንዳሉ፣ እሷም እንደደገፈቻቸው ትናገራለች። ማን እንደጠየቃት አትናገርም።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ማለቂያ ላይ ሙሴ ነጂብ ታመሙ። የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው በላይነሽ ነበረች፤ ሲሞቱም እጃቸውን ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ቀብሩ ከእርሻው አጠገብ ባለው መንደር ሆነ። መኪናዎቹ በዘመድ ሞሉ። ሚስታቸው ማዳም በትሕትና «ፓርዶን፣ ይቅርታ» ብለው ቤት ጠብቂ አሏት።

ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ እርሻውን ሸጡ። ማዳም ፓሪስ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ስለሆነ ለበላይነሽ የአገሯን ቲኬት ቆረጡላት።

እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፋሲካ ክፍል መጣች። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከመሄዷ በፊት የሰውየውን መቃብር ማየት እንደምትፈልግ፣ እስከዛሬ የምትሄደው በቤቱ መኪና ስለነበር በሚኒባስ እንዴት እንደሚኬድ እንደማታውቅ ተናገረች።

ፋሲካ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ተራራው ላይ ወታደሮች ወረቀት የሚጠይቁበት ኬላ አለ፤ ከተያዘች እስር ነው። አይሆንም ልትል አስባ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን አብረው ተሳፈሩ። ኬላው ላይ አንዱ ወታደር አንገቱን በመስኮት አስግጎ የበላይነሽን ያበጠ ዓይን አየና ሾፌሩን «ያላ» ብሎ አሳለፈው።

መቃብሩ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ወይኑ ይታያል፤ ተገርዞ ጉቶ ጉቶው ቀርቷል። ከረግረጉ ዳር የአዲሶቹ ባለቤቶች ማሽን የማድረቂያ ቦይ ይቆፍራል። በላይነሽ ለአፍታ አየችውና ፊቷን መለሰች። ከዚያ እንደ አገሯ አለቀሰች፤ ደረቷን እየመታች፣ የሰውየውን ደግነት እየጠራች፣ አማርኛ ለማይሰማ መንደር።

ዳር ቆማ የነበረችው ፋሲካ እንባዋ መጣ። ቀጥሎ መሬት ተቀመጠች። በላይነሽ ልቅሶዋን አቋርጣ አየቻት።

«ይኼ ለሳቸው አይደለም» አለቻት። «ማንን ነው የምታለቅሺው?»

«አባቴን።»

ሞቱን የሰማችው በስልክ፣ የሰው ቤት ወለል ስታጥብ ነበር። የቤቱ እመቤት እንዳትሰማት ቧንቧ ከፍታ ጥቂት አነባች፤ ከዚያ ወለሉን ጨረሰች። አገሯ ገብታ እንዳትቀብር፣ ያለ ኢቃማ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም። ለማንም አልተናገረችም ነበር።

«ስማቸው ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ልብስ ሰፊ ነበር፣ እትዬ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል።»

በላይነሽ እጇን ይዛ አስነሳቻት። ከዚያም ጨርሶ ስለማታውቀው ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፤ ወልደ ሚካኤልን በስሙ ጠራችው፣ መቀሱን፣ ሳቁን፣ ልጁን ሳያይ መቅረቱን። ፋሲካም እየተከተለች ተቀበለቻት፤ ቧንቧ ሳትከፍት፣ እስኪወጣላት ድረስ።