«ትከሻው ገና ነው»፦ ጋሽ ይሻውና ያልተኮላሸው ውሻ

በደል ተፈጽሟል። ሻምበል የተባለው ውሻዬ መኮላሸት በነበረበት ዕድሜ አልተኮላሸም፤ በዚህም ምክንያት የግራ ጆሮው ግማሽ የለም፣ የኋላ እግሩም ተሰብሯል። ተጠያቂው ጎረቤቴ ጋሽ ይሻው ናቸው።

በደብረ ታቦር የሌላውን ሰው ጉዳይ ቀን የሚቆርጥ ሽማግሌ የሌለው ሰፈር የለም። ሳይጠራ ይመጣል። ልጅ ጡት የሚጥልበትን፣ ግድግዳ የሚመረግበትን፣ ድንች የሚወጣበትን ጊዜ ያውቃል፤ የሚያውቀውም ጊዜ እርስዎ ካሰቡት ጊዜ ምንጊዜም የተለየ ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ይሻው ናቸው። ብያኔያቸው አጭር ነው፦ «ገና ነው!» ይግባኝ አይባልበትም።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የሚጠቅማቸውንም ማስረጃ አቀርባለሁ። ጋሽ ይሻው ከተማ ሳይገቡ ገሳይ አካባቢ ያርሱ ነበር፤ በሬ ያውቃሉ። በእርሳቸው አገር በሬ በወይፈንነቱ አይኮላሽም፤ ቀንበር ለምዶ፣ ጥቂት ክረምት አርሶ፣ ትከሻው ሲደነድን ነው። ስለ በሬ አልከራከርም። ክሴ የሚጀምረው ይህንኑ ሕግ ከነቀንበሩ ወደ ውሻ ካሻገሩበት ዕለት ነው።

ሻምበል ዓመት ሊሞላው ሲል የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሰሚራ መርምራው፣ «አሁን ደኅና ጊዜ ነው፤ አካሉ አድጓል፣ ሴት ፍለጋ መዞርም አልጀመረም» አለችኝ። በቀጠሮው ቀን ክሊኒኩ ደጃፍ ስደርስ ጋሽ ይሻው ቀድመውኝ ቆመዋል።

«አንች ልጅ፣ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላስኮላሸው ነው፣ ጋሼ።»

«ገና ነው! ትከሻውን አታይም? ድመት እኮ ነው የሚያህለው!»

«ጋሽ ይሻው፣» አለች ሰሚራ ጓንቷን እያጠለቀች፣ «ውሻ ትከሻ ምን ያደርግለታል?»

«እንዴ! ምኑን ይዞ ይቁም ታዲያ?» ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ዞሩ። «እስቲ ፍረዱ፤ እናንተ በዚህ ትከሻ ታስኮላሻላችሁ?»

በሬና በግ ይዘው የተቀመጡት ገበሬዎች ሻምበልን በጥሞና መረመሩት። አንደኛው ተነሥቶ ጀርባውን ዳበሰና፣ «ይኸማ አርሶም አያውቅ» ሲል ደመደመ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ዲግሪ ይዤ፣ አርሶ የማያውቅ ውሻ እየጎተትሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ዋዜማ ደጄ ተንኳኩቷል። በክረምት፣ «ቁስሉ ያመረቅዛል።» በጥቅምት፣ «ገና ሥጋ መያዙ ነው።» በበጋ፣ «በዚህ ፀሐይ?» ሻምበል ግን ትከሻውን አልጠበቀም። የሴት ውሻ ሽታ በነፋስ በመጣ ቁጥር አጥር ዘለለ። አንድ ቀን ጆሮው ተቦጭቆ ሲመለስ ጋሽ ይሻው በኩራት አዩት። «ወንድ ነው!» አሉ።

በሌላ ጊዜ ወጥቶ አልተመለሰም። በማግሥቱ እሑድ ልፈልገው በሩን ስከፍት ጋሽ ይሻው በገሳይ መንገድ በኩል ሲመጡ አየሁ። ለቅዳሴ የለበሱት ነጭ ጋቢ በደም ርሷል፤ ውስጡ ሻምበል አለ።

«የውሻ ጠብ ውስጥ ገብቶ መኪና ገጭቶት አገኘሁት። ባጃጆቹ ደም ይነካናል ብለው አልጭን አሉኝ።»

«ቅዳሴው እንዴት ሆነ፣ ጋሼ?»

«ዝም በይና ሐኪሟን ጥሪ!»

ሰሚራ እግሩን ስታስር ጭንቅላቱን የያዙት እርሳቸው ናቸው። ስብራቱ እስኪገጥም ወተት በእጃቸው ያጠጡትም እርሳቸው ናቸው፤ እያጠጡም፣ «ማን ዙር አለህ፣ አንተ ባለጌ?» እያሉ ይቆጡት ነበር። ይህን በቅጣት ማቅለያነት ተቀብያለሁ።

ሰሚራ ለትናንት አዲስ ቀጠሮ ሰጥታን ነበር። ጋሽ ይሻው በማለዳ መጥተው ሻምበል አጠገብ ተቀመጡ። «ገና ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አሁን ደግሞ ምኑ ነው ገና፣ ጋሼ?»

ለረጅም ጊዜ ጀርባውን ዳበሱት።

«በመርፌ አስተኝታው… ባይነሣስ?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ከነማስረጃው። ትቼው አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። ሻምበል አልተኮላሸም።