የጓድ ደመና ካፖርት

የአሰብን መጋቢት ያላየ፣ መጋቢት አየሁ አይበል። ጠዋት ሲነሱ አንሶላው ገና በላብ አልራሰም፤ የበሩ እጀታም ገና እጅ አይፈጅም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ እንደ እንግዳ ለስለስ ብሎ ይገባና፣ ሚያዝያ ሲደርስ ሳይሰናበት ይጠፋል። እኛ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር ደገኞች ከከተማው ጀርባ ወዳሉት ጥቋቁር ኮረብታዎች በእግር የምንወጣው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነበር።

መቼም በየሰፈሩ ሰማይ በአደራ የተሰጠው የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም ሳይጠይቀው ሽቅብ አይቶ ፍርድ ይሰጣል። ቢሳሳትም ጥፋቱ የሰማዩ ነው። የእኛው ጋሽ መርሻ ነበር። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ነውና «ጓድ ደመና» ብለን ሾምነው። ስሙን ሲሰማ ይኮራል እንጂ አይቀየምም።

ሥራው ቧንቧ ማልበስ ነበር። የጋለው ቧንቧ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በወፍራም ነገር ጠቅልሎ በሽቦ ያስራል። ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ስለሆነ የአሰብን ሰማይ የሚያየው በደብረ ብርሃን ዓይን ነው። ጉንዳን መንገድ ካቋረጠ ዝናብ፤ ጭስ መሬት ለመሬት ከተኛ ዝናብ፤ ጉልበቱን ከቆረጠመውም ዝናብ። እንግዲህ እዚያ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የወረደውን ዝናብ ብቆጥር ጣቶቼ ይተርፋሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት እርጥብ ፎጣ ገመድ ላይ ያሰጣና ሰዓቱን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ፎጣው እንደደረቀ በየበሩ እየዞረ ያውጃል፦ «ለነገ ተጓዦች! እስከ አንድ ሰዓት መልካም ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ለነፍሳችሁ እወቁበት። በልግ እየገባ ነው፤ ልብስ ደርቡ!»

ልብስ ደርቡ! አሰብ ላይ! እሱማ ያን አመድማ የሱፍ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው ኮረብታ የሚወጣው።

«ወላሂ መርሻ፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ ቧንቧ? ማነው ያለበሰህ?» ይለዋል ዘይኑ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ የወሎ ሰው።

«ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያገኘውን ይጠብቃል እንጂ» ይላል ጋሽ መርሻ በታላቅ ክብር።

አንድ እሑድ ለዝናቡ መጠለያ ብሎ ትልቅ ላስቲክ አሸከመን። ገና ሽቅብ ስንል ነፋሱ ነጥቆን በሰሜን በኩል፣ ወደ በይሉል መንደር አቅጣጫ ይዞት በረረ። «ዝናቡን በይሉል ድረስ ሄዶ ሊቀበል ነው» አለ ዘይኑ፣ በዓይኑ እየሸኘው።

እኔ ግን በስልሳ ዘጠኝ... የለም፣ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፣ በዚያ መጋቢት ሳቅ ርቆኝ ነበር። ባሌ ስለሺ ከሰርጋችን በኋላ ያመጣኝ በሰኔ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት እሳት ውስጥ አሳለፍኩት። ሁለተኛውን አልደግመውም ብዬ ሻንጣዬን አሰርኩ፤ ወደ ደሴ ለሚሄደው የሰኞ አውቶቡስም ትኬት ቆረጥኩ። ስለሺ አልከለከለኝም። ከሄድኩ ግን እንደማልመለስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጋሽ መርሻ ይህን ሰምቶ መጣ። «ፋናዬ፣ እሑድ ኮረብታው ላይ ብርድ አለ። ትንበያዬ ነው። ብርድ ካላገኘሽ ሻንጣሽን እኔ ራሴ ተሸክሜ አውቶቡሱ ላይ እጭንልሻለሁ።»

«እሺ ጋሽ መርሻ፤ ሻንጣው ግን ከባድ ነው» አልኩት።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ካፖርቱን አልለበሰውም፤ ጠቅልሎ በሽቦ አስሮ በጀርባው አዝሎታል። ሰው ሳትነካካ የማትውለው ጎረቤቴ ዘነበች፣ «ምነው ጓድ ደመና፣ ዛሬስ አልደረቡም?» አለችው።

«ዛሬ ይሞቃል» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም።

መንገድ ላይ የሱሪው ኋላ ራሰ።

«ኧረ ጋሽ መርሻ፣ ላብዎ በኋላ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለች ዘነበች።

«ተራመጂ አንቺ!»

ጫፍ ላይ ስንደርስ ነፋስ የሚባል የለም። ፀሐይዋ ከባሕሩ ወጣች፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከእግራችን በታች መጋል ጀመረ። ሁላችንም ጓድ ደመናን እናያለን። ስለሺ የጫማውን ማሰሪያ ያያል።

«በቃ እንውረድ» አልኩ።

ጋሽ መርሻ ተቀመጠና ሽቦውን ፈታ። ከካፖርቱ ውስጥ ጆንያ ወጣ፤ ከጆንያው ውስጥ ከዓሣ ማከማቻው ለምኖ ያመጣው የበረዶ ድንጋይ። ግማሹ መንገድ ላይ ቀልጧል፤ የቀረው ግን የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። በድንጋይ ፈንክቶ በሁለት እጆቼ ሞላልኝ።

«ይኸውልሽ ብርድ። ሰማዩ ቢዋሽም እኔ አልዋሽም።»

«ያ ረቢ!» አለ ዘይኑ ጭንቅላቱን ይዞ። «ሰውየው አየሩን አዝሎ መጣ!»

መዳፌን አቃጠለኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ። ስለሺ አንዱን ቁራጭ ግንባሬ ላይ ያዘልኝ። ጉንጬ ላይ የወረደውን በመዳፉ ጠረገልኝ፤ የበረዶው ውሃ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

የሰኞው አውቶቡስ ያለ እኔ ሄደ።

አሰብን የለቀቅሁት ከአሥራ አንድ ክረምት በኋላ፣ ስለሺ ወደ ደሴ ሲዛወር ነው፤ ሦስት ልጆች ይዤ። ጋሽ መርሻ ሸብቶ፣ እያነከሰ መጣና ማንንም አላስነካ ብሎ ሻንጣዬን ራሱ ጫነ። «ቃል ነበረብኝ» አለ። ከዚያ ካፖርቱን በመስኮት አቀበለኝ። «ደጋ ነው የምትገቢው፤ ልብስ ደርቢ።»

ዛሬም የመኝታ ቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል።

ጋሽ መርሻን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ዘነበች ናት፤ በሰማንያ ስድስት፣ በጥር። ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከእህቱ ጋር ይኖር ነበር። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ቆሞ፣ ለተሳፋሪው «ልብስ ደርቡ!» ሲል አገኘሁት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አልሰማሁም።